ጥያቄና መልስ፦ የሚደበቅ መልእክት፣ የሚቆረጥ ፎርም

ከቡሬ የደረሰን ጥያቄ፦ ለበቆሎ መጋዘን በሲ ሻርፕ (በዊን ፎርምስ፣ የዊንዶውስ መስኮቶችን ማለትም ፎርሞችን መሥሪያ) የመመዘኛ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ዲጂታል ሚዛኑ ክብደቱን በሲሪያል ፖርት ይልካል። ከ100 ኪሎ ሲያልፍ በሜሴጅ ቦክስ (ብቅ በሚል የመልእክት መስኮት) ያስጠነቅቃል። አንዳንዴ ግን መልእክቱ ከፎርሙ ኋላ ይደበቅና መዝጋቢዋ ሳታየው ቀጣዩን ኩንታል ትመዝናለች። ፎርሙን ቶፕ ሞስት (ሁልጊዜ ከሌሎች መስኮቶች በላይ የሚቆይ) ባደርገው ይሻላል?

መልስ፦ ቶፕ ሞስት ይቅርብዎ፤ ፎርሙን የሌላው ሥራ ሁሉ መጋረጃ ያደርገዋል እንጂ ችግሩን አይነካውም። የሲሪያል ፖርቱ «ዳታ ሪሲቭድ» ኢቨንት (ዳታ ሲደርስ የሚጠራው ኮድ) የሚሠራው ፎርሙ በሚሠራበት ትሬድ (የሥራ መስመር) አይደለም፣ በሌላ ነው። ከዚያ የተጠራ ሜሴጅ ቦክስ ባለቤት የሚሆነው ፎርም የለውም። ስለዚህ ዋናው ፎርም አይቆለፍም፤ መዝጋቢዋ አንዴ ስትነካው ፎርሙ ወደ ፊት ይመጣና መልእክቱን ይሸፍነዋል።

በኢቨንቱ ውስጥ ከፖርቱ የመጣውን ብቻ ያንብቡ። የቀረውን በ«ቢጊን ኢንቮክ» (ሥራውን አስረክቦ ሳይጠብቅ በሚመለሰው) ወደ ፎርሙ ትሬድ ያሳልፉት፤ እዚያ ሜሴጅ ቦክሱን ሲጠሩ የመጀመሪያው ፓራሜትር «ዚስ» (ፎርሙ ራሱ) ይሁን። ሥራው እስኪያልቅ የሚጠብቀውን «ኢንቮክ»ን ግን ይጠንቀቁ፦ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ፖርቱ ኢቨንቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ኢቨንቱ ደግሞ ፎርሙን ይጠብቃል፤ ሁለቱም እንደተያያዙ ይቀራሉ።

ይህን አስተካክለውም ሜሴጅ ቦክስ ለሚዛን አይመችም እንላለን። ሚዛኑ ሳያቋርጥ የሚልክ ከሆነ አንዱ ከባድ ኩንታል ሳይወርድ መልእክቱ በላይ በላዩ ይደረደራል። መዝጋቢዋ የገበሬውን ስም እየጻፈች ሳለ ከወጣባት ደግሞ ፎከሱን (ኪቦርዱ የሚጽፍበትን ቦታ) ይነጥቃታል፤ ለስሙ ብላ የመታችው ኢንተር መልእክቱን ሳይነበብ ይዘጋዋል። በሜሴጅ ቦክስ ፈንታ ከክብደቱ ሥር ሰፊ ሌብል (የጽሑፍ ማሳያ) ያስቀምጡ። ከ100 ኪሎ ሲያልፍ ቀይ ይሁን፣ ሲወርድ ይጥፋ፤ ድምፅም ይጨምሩበት። ድምፁ የሚያስፈልገው መዝጋቢዋ ኤክሴል ላይ እያለች ፎርሙን ወደ ፊት ለማምጣት «አክቲቬት» ቢሉም ዊንዶውስ ፎከሱን ስለማይሰጥዎ ነው፤ ፎርሙ ብልጭ ድርግም ከማለት አያልፍም።

ከደብረ ማርቆስ የደረሰን ጥያቄ፦ ቁመቱ 700 ፒክስል የሆነ ፎርም ሠራሁ። በእኔ ኮምፒውተር ደህና ነው። 1366 በ768 በሆነ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ግን ታች ያለው «መዝግብ» የሚለው በተን አይታይም።

መልስ፦ የጓደኛዎን የዲስፕሌይ ስኬል (በዊንዶውስ ሴቲንግ ያለውን የማጉያ መጠን) ይመልከቱ፤ 125 በመቶ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ስኬል የእርስዎ 700 ፒክስል ወደ 875 ያድጋል፤ ስክሪኑ ግን ያው 768 ነው። በዊንዶውስ 10 ታስክባሩ ብቻ 50 ያህሉን ይወስዳል። ፎርሙን በ10 በ20 ፒክስል ማሳጠር ዋጋ የለውም።

በተኖቹን አንድ ፓነል ውስጥ ከተው ዶኩን (የሚጣበቅበትን ጠርዝ) «ቦተም» ያድርጉት። የሚሞሉትን ሳጥኖች በሌላ ፓነል ያስገቡ፤ ዶኩ «ፊል» (የቀረውን ቦታ የሚሞላ)፣ «ኦቶ ስክሮል» ትሩ ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ፊል» የሆነው ፓነል በቅደም ተከተል ከፊት ካልሆነ በበተኖቹ ፓነል ሥር ይገባና የመጨረሻው ሳጥን ይሸፈናል። በዲዛይነሩ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ብሪንግ ቱ ፍሮንት» ይበሉት። ከዚያ በ«ሎድ» ኢቨንት የፎርሙ ቁመት ከስክሪኑ «ዎርኪንግ ኤሪያ» (ከታስክባሩ ውጭ ከሚቀረው ቦታ) ከበለጠ ወደዚያው ያውርዱት፤ «ቶፕ»ንም ከዎርኪንግ ኤሪያው የላይኛ ጫፍ ያስጀምሩ። ኮንስትራክተር (ፎርሙ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ ከለኩት ስኬሉ ገና ሳይሠራ ሊሆን ይችላል፤ ልኩ ይሳሳታል።

ከዳንግላ የደረሰን ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ ሲከፈት ታስክባር ላይ ይታያል፣ መስኮቱ ግን የለም። ሲዘጋ የነበረበትን ቦታ እንዲያስታውስ አድርጌዋለሁ።

መልስ፦ ያስቀመጡትን ፋይል ይክፈቱ፤ -32000 የሚል ቁጥር ካዩ ፕሮግራሙ የተዘጋው ሚኒማይዝ እንደሆነ ነው። ዊንዶውስ ለእንዲህ ያለ መስኮት የሚሰጠው ቦታ ይኸው ነው። ሲዘጋ መስኮቱ ኖርማል ካልሆነ «ባውንድስ»ን (የአሁኑን ቦታና መጠን) ትተው «ሪስቶር ባውንድስ»ን (ኖርማል ሳለ የነበረውን) ያስቀምጡ። ሲከፈት ደግሞ ቦታው ከተሰኩት ስክሪኖች በአንዱ ላይ መዋሉን ያረጋግጡ፤ ፕሮጀክተር ላይ ተዘግቶ በማግስቱ ያለ ፕሮጀክተር ሲከፈትም ይኸው ይደርሳል። የፎርሙ «ስታርት ፖዚሽን» (የመነሻ ቦታ ምርጫ) «ማኑዋል» ካልሆነ ግን ያስቀመጡት ቦታ አይሠራም።

ለአሁኑ መስኮቱን ለመመለስ ታስክባሩ ላይ ይምረጡት፤ «አልት» እና «ስፔስ»፣ ቀጥሎ «ኤም»፣ ከዚያ አንዱን የቀስት ቁልፍ ይጫኑና ማውሱን ያንቀሳቅሱ። መስኮቱ ተከትሎ ይመጣል።