ጣፋጭ የሚባል ሁሉ ላቁም ወይ ላልሽው እህቴ

«በየቀኑ ጣፋጭ ስለምበላ ምላሴ ለምዷል፤ ፍራፍሬም ጭምር ባቆም አምሮቱ ይለቀኛል?» ላልሽው፣ እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁና ልንገርሽ።

1. ፍራፍሬውን እንዳትተዪ። እኔን አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ የምበላውን እንኳ ሳይጠይቅ «ጣፋጭ የለመደ ምላስ ሁሌም ጣፋጭ ይላል፤ ብርቱካንም ቢሆን አቁም» ብሎ ወረቀት አስያዘኝ። «ሻዩስ?» ብዬ ብጠይቀው መልስ የለም፤ ቀና ሳይል ቀጣዩን ሰው ጠራ። ከፍዬ ነው የገባሁት! ወራት ሙሉ ከፍራፍሬ ታቀብኩ፤ አምሮቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኔዘርላንድስ ውስጥ 180 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለ6 ወር ጣፋጭ የበዛበት፣ መካከለኛና ያነሰበት ምግብ ተመግበው ነበር። በ2025 የወጣው ውጤት እንደሚለው ለጣፋጭ ያላቸው ፍቅር በየትኛውም ቡድን አልተለወጠም፤ በክብደትም አልተለያዩም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ገደብ ያበጀው ለተጨመረ ስኳር፣ ለማርና ለጭማቂ እንጂ እንዳለ ለሚበላ ፍራፍሬ አይደለም።

2. የምትጠጪውን ቁጠሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ወደ 50 ግራም ስኳር ነው፤ አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 35 ግራም ገደማ ይዟል። በ2000 በወጣ ጥናት ሰዎች በቀን 450 ካሎሪ አንዴ በከረሜላ፣ አንዴ በለስላሳ እንዲወስዱ ተደረገ። ከረሜላውን ሲበሉ ሌላ ምግብ ቀነሱ፤ ለስላሳውን ሲጠጡ ግን ምግባቸውን እንደወትሮው በሉ። ሆድ የተጠጣውን አይቆጥርም።

3. ቀስ እያልሽ ቀንሺ። እኔ ከሻዬ ላይ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ጨርሼ ተውኩት፤ ማንም ሳይመክረኝ ስለተወጣሁት ኮርቼበታለሁ። ድሮ ስኳሩ ሳይሟሟ ብርጭቆው ሥር ይቀር ነበር፤ አሁን ሰው አጣፍጦ ሲሰጠኝ ከንፈሬ ላይ ይጣበቅብኛል፣ ፉት ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ቡናን ግን ዛሬም ያለ ስኳር አልደፍረውም! በራሴ እንዳየሁት ምላስ የሚለምደው በየምግቡ ነው፤ የሻዩ ለቡናው አይተርፍም። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ቀን ከመቁረጥ አንዱን መርጠሽ ጀምሪ።

ጥያቄሽ ውስጥ ስለ ኬክና ቸኮሌት እንጂ ስለ መጠጥ አንድም ቃል የለም። ከጠዋት እስከ ማታ የምትጠጪውን ዘርዝረሽ ጻፊልኝና ከየቱ እንደምትጀምሪ አብረን እናያለን።