ሰርጓጁ መርከብና ሰላዮቹ ምን አገናኛቸው?

ስለ ጀርመን ሰርጓጅ መርከበኞችና ስለ ጦርነት ዘመን ስለላ የሚተርከውን ተከታታይ ድራማ የምታዩ አንባቢያን ብዙ ጥያቄ ልካችሁልናል። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ግማሹ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ጀርመኖች በያዟት የፈረንሳይ ወደብ ከተማ ውስጥ ይካሄዳል። ይህን ታሪክ ከልቤ ስለምወደው አንዳንዱ መልስ ቢረዝምባችሁ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ድራማውን የምናየው ከባለቤቴ ጋር ነው። እሱ መርከቡን ይወዳል፣ እኔ ከተማውን። ታሪኩ ወደ ከተማ ሲመለስ እሱ ስልኩን ያነሳል፣ ወደ ባሕር ሲሄድ እኔ አነሳለሁ። እውነት ሁለቱ ይገናኛሉ? ወይስ ድራማውን ለማስረዘም የተለጠፉ ናቸው?

መልስ፦ በደንብ ይገናኛሉ። እባካችሁ ሁለታችሁም ስልካችሁን አስቀምጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አዛዥ ካርል ዶኒትዝ መርከቦቹን የሚመራው በሬዲዮ ነበር። አንድ መርከብ የጠላትን የጭነት መርከቦች አጀብ ሲያገኝ ቦታውንና አቅጣጫውን ያሳውቃል። ዶኒትዝ በአካባቢው ያሉትን ይጠራል፤ በሌሊት ተሰባስበው ያጠቃሉ። ዘዴው የሚሠራው መርከቦቹ እርስ በርስ ካወሩ ነው። ያወራ ደግሞ ይሰማል። የእንግሊዝ አጃቢ መርከቦች መልእክቱን ማንበብ ባይችሉ እንኳ ከየት አቅጣጫ እንደተላከ የሚለይ አንቴና ነበራቸው።

ለዚህ ነው ድራማውን ሳይ ዓይኔ ከሬዲዮ ክፍሏ የማይነቀለው። ጠባብ ጓዳ ናት። ከመተላለፊያው ማዶ የካፒቴኑ አልጋ አለ፤ የሚጋርደው መጋረጃ ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ በጆሮ ማዳመጫው የሰማውን ትርጉም የለሽ ፊደል ይጽፋል። ከዚያ ኤኒግማ የተባለው፣ የጽሕፈት መኪና የሚመስለው የምስጢር መልእክት መቆለፊያና መፍቻ ማሽን ፊት ይቀመጣል። አንድ ቁልፍ ሲጫን አንድ ፊደል ላይ መብራት ይበራል። እሱን ይጽፋል፤ ቀጣዩን ይጫናል። ትእዛዙ እንዲህ ፊደል በፊደል ይወጣል። በእኔ ግምት ከቶርፔዶው ይልቅ ልብ የሚሰቅለው ይኼ ነው።

ሜይ 9 ቀን 1941 እንግሊዞች ዩ-110 የተባለውን መርከብ በቦምብ አስገድደው ወደ ላይ አወጡት። ሠራተኞቹ ሊሰጥም ነው ብለው ጥለውት ወጡ። እሱ ግን አልሰጠመም። ዴቪድ ባልም የተባለ የ20 ዓመት መኮንን ውስጡ ማን እንዳለ ሳያውቅ ገባ። መሰላሉን ለመውረድ ሁለቱም እጆቹ ስለሚያስፈልጉት ሽጉጡን መልሶ ታጠቀ። ውስጡ መብራት አለ፣ ሰው የለም። ኤኒግማው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። የምስጢር መጻሕፍቱ የታተሙት ውሃ ሲነካው በሚለቅ ቀለም ነበር። ስለዚህ መርከበኞቹ ተሰልፈው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ሳያስረጥቡ አወጧቸው። የተማረኩት ጀርመኖች ይህን እንዳያዩ ቀድመው ወደ እንግሊዞቹ መርከብ ውስጥ ገብተዋል። ዩ-110 በማግስቱ እየተጎተተ ሳለ ሰጠመ። ምስጢሩ ለብዙ ዓመታት ተጠበቀ።

እንግሊዞች መልእክቶቹን ማንበብ ሲጀምሩ ዶኒትዝ ጠረጠረ። የእንግሊዝ አጀቦች መርከቦቹን እያለፏቸው የሚሄዱት ለምንድን ነው? ባለሙያዎቹ ኤኒግማ አይፈታም አሉት። ማሽኑ ካልሆነ ታዲያ ማነው? ሰው ነዋ! ወደቡ ላይ ያለ ሰላይ፣ ከዳተኛ። በከተማው ታሪክ ውስጥ ያ ሁሉ ፍተሻና ጥርጣሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያም ሆኖ በፌብሩዋሪ 1942 አትላንቲክ ላይ ላሉት መርከቦች ኤኒግማው ላይ ፊደል የሚቀያይር አራተኛ ጎማ ተጨመረ። እንግሊዝ ውስጥ ብሌችሊ ፓርክ የነበሩት ኮድ ፈቺዎች ከአሥር ወር በላይ ታወሩ። በዚያ ዓመት ሰርጓጅ መርከቦቹ ከ1000 በላይ የንግድ መርከቦች አሰጠሙ።

ያን ጨለማ የሰበሩት ኦክቶበር 30 ቀን 1942 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በመስጠም ላይ ወዳለው ዩ-559 የገቡ ሦስት እንግሊዛውያን ናቸው። አንቶኒ ፋሰን እና ኮሊን ግሬዚየር ሰነድ ሲያወጡ አብረውት ሰጠሙ። ሦስተኛው ቶሚ ብራውን ተረፈ። የእንግሊዞቹ መርከብ ካንቲን ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜው 16።

ወደቡ ላይስ ሰላይ አልነበረም? ነበር እንጂ! ሎሪያን ወደብ ዣክ ስቶስኮፍ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ይሠራ ነበር። ጀርመንኛ ይችላል፤ ከጀርመኖቹ ጋር ይግባባል። የሀገሩ ሰዎች ባንዳ ነው ብለው ጠሉት። እሱ ግን የትኛው ሰርጓጅ መርከብ ገባ፣ የትኛው ወጣ እያለ በድብቅ መረጃ ያቀብል ነበር። በ1944 መጀመሪያ ተይዞ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ተገደለ። ከጦርነቱ በኋላ ያ የሰርጓጅ መርከብ ጣቢያ በስሙ ተሰየመ። ከተማው ሲመጣ ባለቤትዎ ስልኩን ካነሳ ስለዚህ ሰው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ያ "ፒንግ" የሚል ድምፅ እውነት ነው? በሹክሹክታ የሚያወሩትስ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ድምፁን የሚልከው የሚያሳድዳቸው የጦር መርከብ ነው። የሰርጓጁን አካል መትቶ ሲመለስ ርቀቱንና አቅጣጫውን ይናገራል። ይህን በዝምታ ማምለጥ አይቻልም። ጠላት ግን ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት መሣሪያም አለው። ዝምታው ለእሱ ነው። የወደቀ መፍቻ፣ የሚሠራ ፓምፕ፣ የሚሮጥ እግር ሁሉ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ሰርጓጅ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ ከውሃ በላይ ይሄዳል?

መልስ፦ በባትሪው ምክንያት። ከላይ በናፍጣ ሞተር በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከውሃ ሥር ናፍጣው አየር ስለሚፈልግ በባትሪ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል እያዘገመ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ሄዶ ባትሪው ያልቃል። ከዚያ የግድ ወጥቶ መሙላት አለበት። አውሮፕላኖቹም ራዳር ይዘው የሚጠብቁት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላዮችን በሰርጓጅ መርከብ አምጥቶ ባሕር ዳር ማውረድ የደራሲ ፈጠራ አይመስልዎትም?

መልስ፦ አይደለም። በጁን 1942 ዩ-202 አሻጥር ሊሠሩ የተላኩ አራት ሰዎችን ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ አወረደ። ሌላ መርከብ ደግሞ አራት ሰዎች ፍሎሪዳ ላይ። የሎንግ አይላንዶቹ ገና አሸዋው ላይ እያሉ ጆን ከለን ከሚባል መሣሪያ ያልያዘ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ዓሣ አጥማጆች ነን አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ጀርመንኛ አመለጠው። ገንዘብ ሰጥተው ዝም እንዲል ለመኑት። ገንዘቡን ተቀብሎ ቀጥታ ሄዶ ለአለቆቹ አሳወቀ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ዩ-202 እዚያው አሸዋ ላይ ተቀርቅሮ ነበር፤ የባሕሩ ውሃ ሞልቶ እስኪያነሳው ድረስ። በመጨረሻ ራሱ መሪያቸው ጆርጅ ዳሽ ኤፍቢአይ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ዘረገፈ። ከስምንቱ ስድስቱ ኦገስት 8 ቀን 1942 ተገደሉ።

እንግሊዞችም ያደርጉት ነበር። ሴራፍ የተባለ ሰርጓጅ መርከባቸው በኤፕሪል 1943 ስፔን ጠረፍ ላይ የጣለው ሰላይ አይደለም፤ የመኮንን ልብስ የለበሰና ሐሰተኛ ሰነድ የያዘ አስከሬን እንጂ። ጀርመኖች ሰነዱን አንብበው የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወረራ በጣሊያን ደሴት በሲሲሊ ሳይሆን በሌላ በኩል ነው ብለው እንዲያስቡ ነው። የሴራፍ መርከበኞች ሣጥኑ ውስጥ ያለው የአየር ጠባይ መለኪያ ነው ተብለው ነበር።

ጥያቄ፦ መርከበኞቹ ሲሞቱ አለቀስኩ። ኋላ ለናዚ ማልቀሴ ነው ብዬ ተናደድኩ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አይናደዱ። በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ካገለገሉት ወደ 40,000 ሰዎች ወደ 30,000ው ሞተዋል። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ነገር ግን ሲያለቅሱ በዚያኛው ወገንም ከ30,000 በላይ የንግድ መርከብ ባሕረኞች እንደሞቱ አይርሱ። ድራማው የእነሱን ፊት ብዙም አያሳየንም። ይህ ቅር ያሰኘኛል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ ማለትም አይደለም። ኦስካር ኩሽ የዩ-154 ካፒቴን ነበር። የሂትለርን ፎቶ ከመኮንኖቹ ክፍል አስወረደ። የውጭ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። በሂትለር መንግሥት ላይ የሚያስበውን በመኮንኖቹ ፊት በግልጽ ይናገራል። ምክትሉ ኡልሪሽ አቤል ከሰሰው። ኩሽ ሜይ 12 ቀን 1944 በ26 ዓመቱ በጥይት ተረሸነ። አቤል ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ካፒቴን ሆኖ በያዘው ሌላ ሰርጓጅ መርከብ ከነሠራተኞቹ ጠፍቷል። እርስ በርስ የሚጠባበቁ መኮንኖችን በድራማው ስታዩ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። ያቺ መጋረጃ ብቻ ያላት መርከብ ውስጥ ሰው የልቡን የሚያወራበት ጥግ አልነበረውም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ድምፅ ያለውን ልይ ወይስ ጽሑፍ ያለውን?

መልስ፦ ጽሑፍ ያለውን። ጀርመኑ ከፈረንሳይቷ ጋር በየትኛው ቋንቋ እንዳወራ፣ ማን ሰምቶ እንዳልሰማ እንደሆነ የሚታወቀው በመጀመሪያው ድምፅ ነው። ሁሉም እንግሊዝኛ ካወራ ያ ሁሉ ይጠፋል። የጆሮ ማዳመጫ ካለዎት ደግሞ ያድርጉት።