ለቅሶ የማይቀረው ጎረቤቴ ቦርከናን ያቆሽሻል፤ «ሰው» ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ «እኛ ስላለን እኔ አለሁ» የሚለውን የአፍሪካ ፍልስፍና ተምሬ በጣም ወድጄው ነበር። ጎረቤታችን ልክ እንደዚያ ነው፤ የቅሬ (የእድር) ዳኛ ነው፣ ለቅሶ አይቀርም፣ የታመመ ይጠይቃል። ግን ማታ ማታ የቤቱን ቆሻሻ በማዳበሪያ አስሮ ቦርከና ወንዝ ይጥላል። በፈላስፎቹ ዓይን ይሄ ሰውዬ ሙሉ ሰው ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ቆይቶ ደግሞ አሳፈረኝ።

አባባሏን ኬንያዊው ጆን ምቢቲ ነው በ1969 እ.ኤ.አ. የጻፋት። ናይጄሪያዊው ኢፈኒ ሜንኪቲ በ1984 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገፋ አደረገው፤ ሰው መሆን ሲወለዱ የሚሰጥ ሳይሆን ከማኅበረሰቡ ጋር እየኖሩ፣ ግዴታን እየተወጡ የሚደረስበት ነው፣ ሳይደርሱበት መቅረትም አለ አለ። እናቶቻችን «ኧረ ልጄ፣ ሰው ሁን!» ሲሉ ይሄንኑ ማለታቸው አይደል? ልጁ እኮ እጅ እግሩ ሙሉ ነው። ጋናዊው ክዋሜ ጄክዬ ግን አልተቀበለውም፤ ሰው ሲወለድም ሰው ነው፣ በኑሮው የሚያገኘው ክብርና ቦታ ነው ባይ ነው። እኔም ወደሱ አደላለሁ፣ አለበለዚያ ቅሬው ያኮረፈው ሁሉ ሰው አይደለም ሊባል ነው።

ዋናው ነገር ግን «እኛ» ማን ነው የሚለው ነው። የጎረቤትህ «እኛ» ቅሬው ላይ ያበቃል። ኡቡንቱ የሚባለው ይሄ «እኛ ስላለን» የሚለው ፍልስፍናም የሚተቸው በዚሁ ነው፣ ስለ ሰው ብቻ ያወራል፣ ወንዙና ዛፉስ እየተባለ። ሙንያራድዚ ሙሮቬ የሚባል ምሁር ታዲያ ከዚምባብዌ ሾናዎች «ኡካማ» የሚል ቃል አመጣ፤ ዝምድና ማለት ነው። ይሄ ዝምድና የሞቱትንም፣ ገና ያልተወለዱትንም፣ ምድሩንና ፍጥረቱንም ይይዛል። ቦርከና ላይ ብታየው ወዲያው ይገባሃል። ውሃው ከኮምቦልቻ ወርዶ ጨፋ ሜዳ ይደርሳል፣ በበጋ አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን ይዞ የሚመጣው እዚያ ነው። ያ ከብት የሚጠጣው የጎረቤትህ ማዳበሪያ ያለፈበትን ውሃ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የእናንተ ቅሬ አባል አይደለም።

ያሳፈረኝ ምን መሰለህ? እኔ ደሴ ነኝ፣ ከላይ። ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ቆሻሻችንን አውጥተን «ጎርፍ ይውሰደው» የምንል ሰዎች ነን። የት ይወስደዋል? ወደ እናንተ ነዋ።

ስለዚህ ጎረቤትህን ሰው አይደለም ለማለት አፍ የለኝም። ይልቅ ቅሬው ሲሰበሰብ ሐሳብ አቅርብ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል አይደል፣ ወንዝ ውስጥ የጣለም ይቀጣ በል። ዳኛው እሱ ራሱ ስለሆነ ግን ሁለት ሦስት ሽማግሌ አስቀድመህ አናግር።