ቴርሞሜትሩ 92 ሲል

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን እሱም መምህር ሆኗል፤ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል። ትምህርት ቤታቸው አቪዬሽንና ቴክኖሎጂ ላይ ሊያተኩር ነው፤ ኃላፊነቱም እሱ ላይ ወድቋል። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ቲቸር፣ ቴሌስኮፕ ስንት ይሆናል?» አለኝ።

«ቴሌስኮፑን ለጊዜው ተወውና ቴርሞሜትር ግዛ» አልኩት።

ዝም አለ። አሮጊቷ ጃጀች ብሎ ይሆናል። ከዚያ ካርዱ አለቀ መሰለኝ ስልኩ ተቋረጠ። ያልጨረስኩትን ለሱም፣ እንደሱ ለምትጀምሩት ወጣቶችም እዚህ ልጨርሰው።

22 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ 9 ዓመት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። የመጨረሻው ትምህርት ቤቴ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እኔ ስወጣ 7ኛና 8ኛ ክፍል ብቻ ነበር የሚያስተምረው። አጥሩ ላይ ትልቅ ሮኬት ተስሏል። ለዚያ ሥዕል ያወጣነው ብር ዛሬም ይቆጨኛል። ሠዓሊው ቀለም አለቀብኝ ብሎ ስለሄደ ሮኬቱ እስካሁን አንድ ክንፍ ይጎድለዋል።

ወደ ቴርሞሜትሩ ልመለስ። በአራት ኪሎው ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያው ዓመት ለ7ኛ ክፍል ልጆች ቀላል ሥራ ሰጠን። ውሃ አፍሉ፣ ሙቀቱን ለኩ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ስምንት ቡድን ነበሩ። ስምንቱም 100 ብለው ጻፉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ሳይ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ነው። ውሃው ይንተከተካል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። አንዷ ልጅ ደብተሯ ላይ 92 ብላ ጽፋ ነበር። ከዚያ በላጲስ አጥፍታ 100 አደረገችው። ወረቀቱ እስኪሳሳ ነው የፈተገችው።

«ለምን አጠፋሽው?» አልኳት።

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው፣ ቲቸር።»

አጠገቧ ያለችው ደግሞ፣ «መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፤ እንዳንሳሳት ብለን ነው» አለች።

ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ባቄላ ከኔ ቀድማ የምታበስለው በባለሙያነቷ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እሷ ግን ይሄን ማብራሪያ አልተቀበለችም።

አውሮፕላንም ከዚሁ ጣጣ አያመልጥም። ቦሌ ላይ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ክንፉን እንደልብ አይሸከምም፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ብዙ መንደርደር አለበት። የቦሌ መንደርደሪያ ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር መድረሱ ለጌጥ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ቤቱ ልደታ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ልደታ አልበቃ አለ። ዙሪያው ስለማይመች ማራዘምም አልተቻለም፤ ቦሌ ተሠራ። ታክሲ ላይ «ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» የሚባለው ከዚያ የቀረ ስም ነው። ያቺ ልጅ በላጲስ የፈተገችው ቁጥር ውስጥ ይሄ ሁሉ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ አላበደችም፤ እኛው ነን ያስተማርናት። ያየችውን ብትጽፍ ኤክስ ይደረግባታል፤ መጽሐፉን ብትገለብጥ ራይት ታገኛለች። እሷ ምን ታድርግ?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንድ ልጅ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ሰበረ። መጥቶ ነገረኝ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ሥር፣ በተማሪው ሁሉ ፊት አቆምኩት። ወላጅ አስጠራሁ። ኮራሁም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድም ዕቃ ተሰበረ ብሎ የመጣ ልጅ የለም። ሥርዓት አስያዝኩ ብዬ ሳወራ ከረምኩ። ለቆጠራ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ግን ሦስት የተሰበሩ ዕቃዎች አገኘሁ። በጋዜጣ በሥርዓት ተጠቅልለው፣ ከኋላ በኩል ተደርድረው። ሌንሱን የሰበረው ልጅ የሳይንስ ክበቡን ትቶ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን።

የአራት ኪሎው ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሩን ያስተካከሉልኝ አንድ አባት ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እኛ ጋ ይማራል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አጥሩ ሥዕል ስንጨቃጨቅ ዝም ብለው ሰሙን። በሳምንቱ አንድ ኮምፔርሳቶ ተሸክመው መጡ። በላዩ ላይ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ስለውበታል። ፒንሳው የፒንሳ ጥላ ላይ ይሰቀላል፣ ካቻቢቴው የካቻቢቴ ጥላ ላይ። የጎደለ ካለ ከበር ላይ ሆነህ ታየዋለህ።

«አውሮፕላን ጥገና ላይ አንድ ካቻቢቴ ከጠፋ» አሉኝ፣ «እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይወጣም። ሞተር ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ? ስለዚህ ጠፋብኝ ብሎ ቶሎ የተናገረ ሰው አይሰደብም። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።»

ልጆቼ፣ «ኤሮስፔስ»፣ የአየርና የጠፈር በረራ ሙያ ማለት ነው፣ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያማልላል። እኔ ግን ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ ከዚያ ሙያ የሚወሰድ ትልቅ ነገር ይሄ ነው እላለሁ፤ ያየኸውን መጻፍና ያበላሸኸውን መናገር።

ደብተር ከፈትን። ልጆቹ «የጉድ መዝገብ» አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሕጉ አጭር ነው። ያበላሸኸውን ቀኑ ሳይመሽ ራስህ ከጻፍክ ቅጣት የለም። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ምን እንደምታደርግ ትጽፋለህ። ደብቀህ ከተገኘህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድ ወር ሙሉ ማንም አልጻፈበትም። የሚያምነን የለማ! በመጨረሻ የመጀመሪያውን መስመር እኔ ጻፍኩ። «ፕሮጀክተሩን ሳላጠፋ ወደ ቤት ሄጃለሁ። አምፑሉ ተቃጥሏል። ርዕሰ መምህር።» በማግስቱ ጠዋት ደብተሩ ዙሪያ ወረፋ ነበር፤ ሊያነቡ። ከሰዓት በኋላ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛውን ጻፈ።

አንድ ዓርብ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ የፒንሳው ቦታ ባዶ ሆነ። ሁላችንም ቁጭ አልን። ደቂቃው ሄደ። አንድ ልጅ ቦርሳውን ከፍቶ አወጣው። ቤታቸው ያለው የስቶቭ ሶኬት ተበላሽቶ፣ እናቱ እንጀራ የምትጋግረው በሰው ምጣድ ሆኖ፣ ቅዳሜ ሊጠግን ነበር የወሰደው። ለካ መዋስ እንደሚቻል አንድም ቀን ነግረናቸው አናውቅም! ያኔ ነው የውሰት ቅጽ ያዘጋጀነው። ሶኬቱን ግን ትልቅ ሰው ባለበት፣ ቆጣሪው ጠፍቶ ይሁን ብለን መካኒኩን አባት አብረን ላክናቸው።

አሁን ስለ ሮኬቱ። ልጆች የሚወዱት እሱን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። «የሃይላንድ ሮኬት» እንለዋለን፤ ነገር ግን የውሃውን ፕላስቲክ እንዳትጠቀሙ። ስስ ነው፣ ይፈነዳል። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጋዝ እንዲችል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ሲሶውን ውሃ ትሞላላችሁ። አፉን የኳስ መንፊያ መርፌ ባለፈበት ቡሽ አጥብቃችሁ ትደፍናላችሁ። ገልብጣችሁ ማስቀመጫው ላይ ታቆማላችሁ፤ ረጅም ጎማ ባለው የብስክሌት መንፊያ ከሩቅ ትነፋላችሁ። ማንም አጠገቡ አይቆምም፤ መነጽር ሳያደርግ የሚነፋ የለም። ግፊቱ ሲበዛ ቡሹ ይወጣል፤ ውሃው ወደ ታች ሲወረወር ፕላስቲኩ ወደ ላይ ይሄዳል። ዕቃውን በሙሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኙታላችሁ። መከራከር የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ውሃው ለምን ሲሶ እንደሆነ አትንገሯቸው። እነሱ ይድረሱበት። ባዶውን ይሞክሩት፤ ብዙም አይሄድም፣ የሚወረውረው ክብደት የለውማ። ጢም አድርገው ሞልተው ይሞክሩት፤ ከበደ፣ የታመቀውም አየር አነሰ። ስንት ውሃ፣ ስንት ሜትር እያሉ ይጻፉ። ቁመቱን በፕሮትራክተር፣ በክርና በአንድ ብሎን ይለኩታል። 45 ዲግሪ ላይ ካዩት ቁመቱ እነሱ ከቆሙበት እስከ ሮኬቱ ማስቀመጫ ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው፤ የዓይናቸውን ከፍታ ብቻ ይጨምሩበት። ሌላውን ማዕዘን 8ኛ ክፍሎች በስኬል ስለው ያገኙታል።

የኛ ቁጥር 14 አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ያሰጡት በርበሬ ላይ ወደቀ። ውሃውን ጨምሮ። እናትየዋ በርበሬ የነካ እጃቸውን እያራገፉ መጡ። ሁለት ልጆች ልኬ ስጡን ሲለቅሙ ዋሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሴትየዋ አጥር ላይ ብቅ ብለው፣ «ዛሬ ነፋሱ ወደኔ ነው፣ ተዉት» ይሉን ጀመር። ከዚያ ወዲያ የነፋስ አቅጣጫ የሚመዘግብ ልጅ መደብን።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር። ከባዱን ሥራ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጨርሱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ልጆቹም ገና ትኩስ ናቸው። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጋመስ 8ኛ ክፍል ለከተማ አቀፉ ፈተና ዝግጅት ይገባል፤ ያኔ ክበብ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ክበቡንም ደረጃ ለሚወጡት ብቻ አትስጡ። ደረጃ የሚወጣ ልጅ 100 ብሎ መጻፍ በጣም ይችልበታል።

ድሮን ይገዛልን የሚሉ ይመጣሉ። መሃል አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረር ልጆቹንም ራስንም ጣጣ ውስጥ መክተት ነው። ቴሌስኮፕም ቢሆን የመሃል ከተማ መብራት ብዙ አያሳያችሁም። እንጦጦ ከላያችሁ ነው። 3,200 ሜትር ላይ፣ የአንዱ መስታወት 1 ሜትር የሚሰፋ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ደብዳቤ ጻፉና ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ማለዳ ከቻይና ስትወነጨፍ ሰው ተሰብስቦ የተከታተለው እዚያ ነው። 70 ኪሎ ግራም አካባቢ እንደምትመዝን ስነግራቸው አንዱ ልጅ፣ «አጎቴን ታህላለች» አለኝ።

ወላጅ ደግሞ «ፓይለት ይሁንልኝ» ይላችኋል። መልካም ነው። አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ስንት ሴት ልጅ ቀና ብላ እንደሄደች አይቻለሁ። ግን ስለ «ፀሐይ»ም ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራች አውሮፕላን ናት፤ ሉድቪግ ቬበር ከሚባል ጀርመናዊ ጋር ሆነው ነው ኢትዮጵያውያን የሠሯት። ጣልያን ወስዷት ስንት ዘመን ሙዚየም ውስጥ ኖረች፤ የተመለሰችልን በ2016 ዓ.ም ጥር ላይ ነው። ይሄን ስናወራ ያቺው የላጲሷ ልጅ እጇን አወጣች። «ብሎኑን ያጠበቀው ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለች። እኔም አላውቅም አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ «ቲቸር አያውቁም»። አላጠፋችውም።

ለደወልክልኝ ልጅ፦ እኛ ጋ አንድ ትርፍ መንፊያና ሁለት ቴርሞሜትር አለ። ተተኪዬን አናግሬያታለሁ። ሰኞ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂድ። ጥበቃው ያውቅሃል። ቅጹን ሳትሞላ ግን አይሰጡህም፤ መንፊያውም በግራ በኩል ትንሽ አየር ያስተነፍሳል፣ መዝገቡ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።