«እንዴት አወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ፦ ለጎጃም የፊዚክስ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

በምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ይሁን እንጂ የሰፈሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬም ደብተራችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ኒውክለስን፣ የአቶምን እምብርት፣ ማን አገኘው ስላችሁ «ራዘርፎርድ፣ በ1911» ትላላችሁ፤ ፈጣን ናችሁ። እንዴት አወቀ ስላችሁ ግን እርስ በርሳችሁ ትተያያላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚችው «እንዴት» ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1871 ኒውዚላንድ ገጠር ውስጥ የተወለደ፣ ከአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛው ነው። ወደ ካምብሪጅ ያደረሰው የትምህርት ዕድል እንኳ መጀመሪያ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ስለተወው ለእርሱ ደረሰው። እዚያ ያስተማረው ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ያገኘው ሰው ነው። እንደ ቶምሰን ሐሳብ አቶም ማለት ፖዘቲቭ ቻርጅ በመላ አካሉ የተሰራጨበት፣ ኤሌክትሮኖች በውስጡ የተበተኑበት ሉል ነው። መጽሐፎቻችሁ ይህን ሐሳብ እንደ ሞኝነት ያቀርቡታል፤ እኔ አልስማማም። በጊዜው የታወቀውን ሁሉ አሟልቶ የያዘ ሐሳብ ነበር።

አሁን ወደ 1909 እንምጣ። ራዘርፎርድ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ሐንስ ጋይገር የሚባል ጀርመናዊ ረዳትና ኧርነስት ማርስደን የሚባል የሃያ ዓመት ተማሪ አብረውት አሉ። አልፋ ቅንጣቶችን፣ ማለትም ከራዲዮአክቲቭ ነገር የሚወጡ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች፣ በእጅግ ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ እየለቀቁ፣ አልፈው ሲወጡ ምን ያህል ከመስመራቸው እንደተዛነፉ ይለካሉ። ቅንጣቶቹ በሰከንድ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ ናቸውና ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ለማርስደን መለማመጃ የሚሆን ሥራ ሲፈለግለት፣ ራዘርፎርድ ወደ ኋላ የሚመለስ ቅንጣት ካለ እንዲያይ አዘዘው። አዛዡ ራሱ አንድም ይመለሳል ብሎ አልጠበቀም።

ሥራው እጅግ አሰልቺ ነበር፤ ቆጣሪው የሰው ዓይን ነውና። አስቀድሞ ጨለማ ክፍል ገብቶ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ማፍጠጥ ነው። አንድ ቅንጣት ሰሌዳውን በመታ ቁጥር ደካማ ብልጭታ ይታያል፤ እርሱን መቁጠር ነው። ዓይን ቶሎ ይደክማል፤ ተራ እየተቀያየሩ ማረፍ ግድ ይላል። ከፕላቲነም ገጽ ላይ ሲለኩት፣ ከ8000 ገደማ ቅንጣቶች አንዱ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር።

ከ8000 አንድ! እናንተ ብትሆኑ ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ። «የመሣሪያ ስህተት» ትሉና ትሰርዙታላችሁ። ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመውን ቁጥር በላጲስ አጥፍታችሁ የጎረቤታችሁን ስትገለብጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ማርስደን ግን ያየውን አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመትም ታተመ።

ማብራሪያው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህን የመካከሉን ጊዜ ነው። ራዘርፎርድ በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የሒሳብ መምህሩ ሆራስ ላምብ ፕሮባብሊቲ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ይማር ነበር። ማወቅ የፈለገው ብዙ ጥቃቅን መዛነፎች ተደማምረው አንድን ቅንጣት ወደ ኋላ ሊመልሱት ይችሉ እንደሆነ ነው። አይችሉም፤ ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም። እንግዲያው ቅንጣቱ የተመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአንድ ከባድና ጠጣር ነገር ጋር ተገናኝቶ ነው። ቻርጁም ክብደቱም መሃል ላይ በጥቂት ቦታ ተከማችቷል ማለት ነው። የወርቅን ኒውክለስ የጤፍ ፍሬ ብታደርጉት፣ አቶሙ ወርዱ ሃያ ሜትር ገደማ የሆነ አውድማ ይሆናል፤ ከክብደቱ ከ99.9 በመቶ በላይ ያለውም በዚያች ፍሬ ውስጥ ነው።

ልብ በሉ፤ በ1911ዱ ጽሑፍ ራዘርፎርድ የመሃሉ ቻርጅ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ አልወሰነም። ስሌቱ በሁለቱም ያው ስለሆነ ልኬቱ ያልነገረውን አልጨመረበትም። ጋይገርና ማርስደን ደግሞ በ1913 ከስሌቱ የወጣውን ቀመር በየማዕዘኑ ፈትሸው ትክክል ሆኖ አገኙት።

ይህ የራዘርፎርድ አቶም ግን ችግር ነበረበት። በኒውክለስ ዙሪያ የሚዞር ኤሌክትሮን ጉልበቱን በጨረር መልክ እያጣ ወደ መሃል መውደቅ ነበረበት። ኒልስ ቦር በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ በ1913፣ ለዚህ መላ አመጣ። በደብተራችሁ የምትሥሉት ባለ ክብ ምሕዋር አቶም የቦር ነው፤ እርሱም በ1925 እና በ1926 በኳንተም ሜካኒክስ ተተክቷል። ለፈተና ሣሉት፤ አቶም በእርግጥ እንዲህ ነው ብላችሁ ግን አትሟገቱኝ።

የቅኔ ቤቶቹ የዲማና የዋሸራ አገር ሰዎች ነንና «እንዴት አወቀ?» ማለት ሊከብደን አይገባም ነበር። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ተቀኘ አይባልም። ሳይንስ ላይ ስንደርስ ግን ሸምድዶ መመለስ እንዴት ዕውቀት እንደሚመስለን እንጃ።

አንድ ልጨምር። በ1932 መጀመሪያ ፓሪስ ላይ ኢሬንና ፍሬደሪክ ዦሊዮ-ኩሪ ከቤሪሊየም የሚወጣ ጨረር ከፓራፊን ውስጥ ፕሮቶኖችን ፈንቅሎ ሲያስወጣ አዩ፤ የሚያውቁትን ጋማ ጨረር መሰላቸውና እንዲያው ብለው አሳተሙ። ካምብሪጅ የነበረው ጄምስ ቻድዊክ ሲያነበው የጉልበቱ ሒሳብ አልገጠመለትም። ራዘርፎርድ ገና በ1920 ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ሳይኖር አይቀርም ብሎ ነበርና፣ ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ኒውትሮን መሆኑን አሳየ። ዦሊዮ-ኩሪዎች በዚህ አልተሰበሩም፤ በ1934 ሰው ሠራሽ ራዲዮአክቲቪቲን አገኙ። በ1935 ቻድዊክ የፊዚክሱን፣ እነርሱ የኬሚስትሪውን ኖቤል ተቀበሉ።

ላቦራቶሪ የለንም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ መኖርም ነበረበት። እስከዚያው ግን ይህን ሞክሩ። አንድ ጣውላ በአራት ዝቅ ያሉ ድንጋዮች ላይ አስቀምጡ። ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ አንድ ግንድላ ከሥሩ ይደብቅ። ከየአቅጣጫው ብይ እያንከባለላችሁ አስገቡ፤ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ወረቀት ላይ በመስመር ሣሉ። የተደበቀው ምን ቅርጽ እንዳለው፣ የቱ ጋ እንዳለ ጻፉና ፈርሙበት። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ጣውላውን ለማንሳት ይጣደፉ ነበር፤ ራዘርፎርድ የሚያነሳው ጣውላ አልነበረውም ብዬ እከለክላቸዋለሁ። ክብ ሲቀላችሁ ባለ ሦስት ማዕዘን ደብቁ። ጣውላ ያጣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እኔ ይምጣ፤ ብዩን ግን ራሳችሁ አምጡ።