ብሩ ጥቂት፣ ተመጋቢው ብዙ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላንና ከለገጣፎ የመጡ ናቸው። እኔ ለዓመታት የትልቅ ወጥ ቤት አብሳይ ነበርኩ፤ አሁን የራሴን ቤት ነው የምመግበው። ዋጋ በብር አልጠራም። ዛሬ ብጽፈው ለሚቀጥለው ገበያ አይሠራም።

ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው። ስድስት ነን። ብሩ ጤፍ ላይ ያልቅና ለወጥ አይተርፍም። ከየት ልጀምር?

ከእንጀራው ጀምሪ እህቴ። አብዛኛው ሰው ሲቸግረው የሚነካው ወጡን ነው። ክኩን ይቀንሳል፣ ሽሮውን ያቀጥናል፣ ጤፉን ግን አይደፍርም። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ጤፉን ቀላቅዪ፣ ጥራጥሬውን አትንኪ። ልጅ የሚያሳድገውም፣ ሆድ ይዞ የሚቆየውም ጥራጥሬው ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው ያለው። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ ደግሞ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል።

ሌላው ገንዘብ የሚፈስበት ቦታ ችርቻሮ ነው። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ በላስቲክ የታሰረች ዘይት፣ በማንኪያ የምትሸጥ በርበሬ። ድሃ የሚበላው በውድ ነው። «ኩንታል የምገዛበት ብር ከየት ይምጣ?» ትይኛለሽ፤ እውነትሽን ነው። የቀን ገቢ ያለው ሰው ብቻውን አይችለውም። አራት የምትተማመኑ ጎረቤታሞች ግን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጣላችሁ አንድ ኩንታል ብትገዙ፣ ለእያንዳንዳችሁ 25 ኪሎ ይደርሳችኋል። ዕቁብ ለሶፋ ከተጣለ ለጤፍ የማይጣልበት ምክንያት አይታየኝም! ብሩን የምትይዘው ግን በደንብ ተመርጣ ይሁን።

ወቅቱንም አስቢበት። አዲስ ጤፍ ገበያ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ረገብ ይላል። ክረምት ላይ ይሰቀላል። ከመግዛትሽ በፊት ሸማቾች ማህበርንም የእሁድ ገበያንም ጠይቂ፤ አንዳንዴ ልዩነቱ ያስገርማል፣ አንዳንዴ ምንም የለውም። ማኛውን ደግሞ ለሠርግ ተዪው። የምትከፍዪው ለንጣቱ ነው።

ጤፍ ከምን ጋር ልቀላቅል? በሩዝ ሞክሬ በማግስቱ እንደ ካርቶን ሆነብኝ።

ሩዝ ያነጣል፣ ግን ያደርቃል። በቆሎም ሲያድር ይፈረካከሳል። እኔ የምወደው ነጭ ማሽላ ነው፤ ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ። ገብስም ይሆናል፣ መልኩ ግን ይጠቁራል። ቅልቅል እንጀራ የሚድነው በአብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ቀንሰሽ በውሃ አፍዪና መልሰሽ ቀላቅዪው። እሱን የዘለለ ሰው በማሽላው ማሳበብ አይችልም። ሊጡንም በደንብ አቡኪው። መቡካቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን አይረን፣ ደም የሚሠራበትን ማዕድን፣ ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ይረዳል።

ሰፈራችን ገበያ ላይ በጣም ርካሽ ሽሮ አለ። ልግዛው?

በጣም ርካሽ ከሆነ ጠርጥሪ። ጓያ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ጓያ አንድ ቀን ቢበላ አይገድልም። ችግሩ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ ያኔ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይመለስም። ደንቢያና ፎገራ በችግር ዘመን ይህን አይተውታል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ምኑን ትደፊዋለሽ?

ስለዚህ እህሉን በዓይንሽ አይተሽ ግዢ። አተር፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ፣ ወይም ሦስቱንም ደባልቂ። አምሰሽ አስከክተሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ ጨምረሽ፣ በደንብ አድርቀሽ ወፍጮ ቤት ውሰጂው። በርበሬውን ቀነስ አድርጊ፤ ለሕፃናቱም ይሆናል፣ ከጥራጥሬው ይልቅ ኪስ የሚጎዳው በርበሬው ነው። ቀይ ሽንኩርት በተወደደ ሰሞን ሽሮ በነጭ ሽንኩርት ብቻ ይሠራል። ባለሙያ አማት ካልመጣችብሽ ማንም አያውቅብሽም።

አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ቦሌ ለሚ ፋብሪካ እንሠራለን። ሽሮ ሰለቸን፣ ውጭ መብላት ደግሞ ጨረሰን።

ልጆቼ፣ ፈረቃችሁ ስለሚለያይ የማይበላሽ ነገር ያስፈልጋችኋል። እሁድ ቆሎ ቁሉ፣ በሶ አዘጋጁ። ማታ ሽምብራ ወይም ባቄላ ዘፍዝፋችሁ እደሩ፤ ጠዋት ቶሎ ይበስላል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ንፍሮ በጨውና በቃሪያ ምሳ ነው፣ አታፍሩበት። ቦሎቄ ከሆነ ግን ሳይበስል አትቅመሱ፤ ጥሬነት ያለው ቦሎቄ ሆድ ያናውጣል። ጠዋት ቂንጬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንቁላል። ምስር ስትሠሩ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሩበት፤ አይረኑን ያግዛል። ሻይና ቡናውን ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ አድርጉት። ለሴት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጄ ስምንት ወሯ ነው። አጥሚት እሰጣታለሁ፣ ግን አትወፍርም።

ቀጭን አጥሚት ውሃ ነው። ሆዷን ይሞላል፣ አይመግባትም። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ አስፈጪና ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ አድርጊው። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ስታገኚ በደንብ የበሰለ እንቁላል ፍርክስ አድርገሽ ጨምሪ። ጎመን ወይም ካሮት በደንብ ቀቅለሽ ፍጪበት። ጡት አታቋርጪ። ሻይ በፍጹም አትስጪያት። ይህን አድርገሽም ክብደቷ ካልጨመረ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኛት፤ ይሄ በወጥ ቤት ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ልጆቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ማታ ምን ልስጣቸው?

እዚያ ብዙ ጊዜ የሚያንሰውን። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ሲገኝ እንቁላል። ቅዳሜና እሁድን አትርሺ፤ ምገባው በሌለበት ቀን ነው ቤቱ የሚጎድለው።

አጥንት ገዝቼ ሾርባ ብሠራ ሥጋ ይተካል?

አይተካም ወንድሜ። ለጣዕም ደስ ይላል፤ ገንቢው ግን ሥጋው ላይ ነው የቀረው። በዚያው ብር ምስር ግዛ።

ለገጣፎ ላም ካላቸው ጎረቤቶች ወተት እገዛለሁ። ጥሬውን ይሻላል ይሉኛል። (የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ እናት)

እማማ፣ ያፍሉት። ጥሬ ወተት ቲቢና ሌላም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሲፈላ የሚጠፋው ነገር ትንሽ ነው።

አራተኛ ፎቅ ነኝ። ጓሮ የለኝም።

በረንዳው ፀሐይ ካገኘ በጆንያ አፈር ጎመንና ቆስጣ ይበቅላል። ቅጠሉን ከታች ከታች እየቀነጠስሽ ትበዪያለሽ። ቤት ይቀልባል ብለሽ ግን አትጠብቂ፤ የወጥ ማጣፈጫ ነው። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የአትክልት እጣቢውን አጠራቅሚ፣ ሳሙና ያልነካውን።

ሱቅ በዱቤ ነው የምንወስደው። ወር ሲደርስ ሒሳቡ ያስደነግጠኛል።

የራስሽን ደብተር ያዢ። ባለሱቁ ሲጽፍ አንቺም ጻፊ፣ እዚያው ፊት ለፊቱ። ቀጥሎ ዱቤውን ለጨው፣ ለዘይትና ለሳሙና ብቻ አድርጊው። ብስኩት፣ ለስላሳና የታሸገ ጁስ በዱቤ አይወሰድም ብለሽ ለልጆቹም ለባለሱቁም ንገሪ። ጨውም ስትገዢ አዮዲን ያለበትን፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

ያደረ እንጀራ እስከ ስንት ቀን ይበላል?

ሻጋታ እስካልያዘ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ቀን ላይ መጠንቀቅ ነው። ከዚያ በፊት ፀሐይ ላይ አስጪና ድርቆሽ አድርጊው፤ ለሳምንታት ይቆያል፣ ብር በጠፋ ቀን በቁሌት ፍርፍር ይሆናል። ሻጋታ የታየበትን ግን ፍቀሽ አትብዪ። ሙሉውን ጣዪው።