ማቀዝቀዣና ምጣድ በዱቤ ከመግዛትዎ በፊት

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በቅርቡ ገብተው፣ ማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ ምጣድ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ከመግዛት የሚሻል መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ዱቤውን አልመክርዎትም፤ ዋጋውን እጅ በእጅ ከሚሸጠው ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ ወለድ መሆኑን ያያሉና። ለማቀዝቀዣው በብሎክዎ ወይም በመሥሪያ ቤትዎ ከሚያምኗቸው ሰዎች ጋር እቁብ ይግቡ፤ 12 ሰዎች በየወሩ 2,500 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው 30,000 ብር ያለ ወለድ ይወስዳል። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ መጥራት ስለሚኖርበት፣ ዋስዎን ከወዲሁ ያነጋግሩ፤ ተራዎ እስኪደርስ መጠበቁ ከከበደዎትም፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን እንዲለቅልዎ በእቁቡ ዳኛ በኩል ይጠይቁ፤ ችግሩን በግልጽ ለሚያስረዳ ሰው እቁብተኛ ብዙ ጊዜ ይራራል።

ምጣዱን ያገለገለ መግዛት አያስፈራም፤ ሸክላው ቢሰነጠቅ ወይም የውስጡ ሽቦ ቢቃጠል ለየብቻ ስለሚቀየር፣ አቃፊው ብረትና አክንባሎው ደህና መሆናቸውን ይመልከቱ። ያገለገለ ማቀዝቀዣ ግን ሰክተውት በደንብ እስኪቀዘቅዝና ሞተሩ በራሱ እስኪያርፍ ሳይጠብቁ ገንዘብ አይስጡ። ለድግስ የሚሆን ትልልቅ ብረት ድስትና ወንበርማ ከእድር ስለሚገኝ አይግዙ።